ፈሪው የክርስትና አባት

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ጠይቁት። “ደምሴ ጎሚስታ” ስትሉት ገና ሳትጨርሱ ይስቃል። ሃያ ዓመት ጎማ ስለጥፍ ኖሬ ዛሬም ነፋስ ስሞላ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፊቴን አዙሬ ነው። ጎማ ሲፈነዳ ከባለመኪናው ቀድሜ የምሮጠው እኔ ነኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ጦርነት መጣበት።

ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት እሠራለሁ፣ ሲመሽ አያ ሰይድ ግቢ ወደተከራየኋት ክፍል እገባለሁ። ክርስትናዬን ካነሳችሁ፣ ክርስቲያን መሆኔን የሚያውቁት አንገቴ ላይ ያለው ማተብና ሥጋ ቤቱ ብቻ ነበሩ። ለጥምቀት ታቦት እሸኛለሁ፤ ለፋሲካ ዶሮ ከተሠራበት ቤት አልጠፋም። ቅዳሴ ሲሆን ግን “እኔ ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው” እል ነበር። ውጭ የምለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ያለውን ሻይ ቤት ነው።

አያ ሰይድ የግቢው ባለቤት ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው ዓሣ አጥማጅ፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ ምላሳቸው ግን ደህና የሆነ ሰው። ልጆቻቸው ሳዑዲ ስለሆኑ እሳቸውና ሚስታቸው እት ዘይነብ የቀራቸውን የወላጅነት ጉልበት ሁሉ በእኛ በተከራዮቹ ላይ ነበር የሚጨርሱት። ሦስተኛዋ ክፍል ውስጥ ብርቱካን አለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጭኖ አዲስ አበባ በሄደበት መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። እሷ ወንድ ልጅ በተገላገለች በሁለተኛው ሳምንት ታጣቂዎቹ ከተማውን ያዙት።

የከተማው ሰው ግማሹ ሲሸሽ እኛ ቀረን። ብርቱካን አራስ ስለሆነች፣ አያ ሰይድ “ሐይቁን ለማን ትቼ ነው የምሄደው” ብለው፣ እኔ ደግሞ ከቤቱ ይልቅ መንገዱን ስለፈራሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንታት የግቢውን በር አላለፍኩም። ተኩስ በተሰማ ቁጥር አልጋ ሥር እገባለሁ። እት ዘይነብ አንድ ቀን አጎንብሰው አዩኝና፣ “እኔ እምለው ደምሴ፣ በዚህ ግቢ አራሷ እሷ ናት ወይስ አንተ?” አሉኝ።

እንዲህ ሆነን ሳለን አንድ ከሰዓት ብርቱካን አስጠራችኝ። ጋደም ብላ ብርድ ልብስ ደርባለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ አለ፣ ጥርሷ ግን ይንቀጠቀጣል። ትኩሳት ከያዛት አራተኛ ቀኗ ነበር።

“ጋሼ ደምሴ፣ ነገ እኮ አርባ ነው” አለችኝ።

“የማን?” አልኩ ክው ብዬ። በዚያ ሰሞን አርባ ሲባል ተዝካር ነበር ቶሎ የሚመጣብኝ።

“የልጄ ነዋ! ክርስትና የሚነሳበት።”

“ውይ! በስመ አብ! ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ።”

እሷ አልሳቀችም። “የከተማው ቤተ ክርስቲያን እንደተዘጋ ነው። ማዶ ገዳሙ ግን ቅዳሴ አልተቋረጠም አሉ።”

ገዳሙ ከሐይቁ ማዶ ዛፍ የዋጠው ትንሽ ቦታ ነው። ስሙን አልጠራላችሁም፤ መነኮሳቱ ስማቸው ሲነሳ አይወዱም። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም። ይህንኑ እንደ መልካም ሰበብ ቶሎ አነሳሁት።

“ሴት አይገባም እኮ እዚያ፣ ብርቱካን።”

“ለዚያ አይደል አንተን የጠራሁህ? ክርስትና አባት የሚሆነው ሰውዬ አዲስ አበባ ገብቷል። በግቢው ያለኸው ክርስቲያን ወንድ አንተ ብቻ ነህ።”

ከዚህ በፊት ወንድ መሆኔም ክርስቲያን መሆኔም እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም። “ትንሽ ቀን ይለፍና፣ ሰላም ሲሆን፣ አባቱም ሲመጣ…” እያልኩ ስንተባተብ ልጁ ሳለ። እንዲያ ያለች ትንሽ ደረት እንዲያ ያለ ሳል ማውጣት አልነበረባትም። ብርቱካን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

“ሦስት ቀኑ ነው ሲስል። ሐኪም ቤቱ ተዘርፏል። ጋሼ፣ ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ?”

“እስቲ አያ ሰይድን ላማክር” ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያማከርኳቸው እንዲከለክሉኝ ነው። ታጣቂዎቹ በሐይቁ ላይ ጀልባ የነዳ ሰው እንደ ሰላይ እንደሚቆጠር አውጀው ነበር። በእግር ዙረት ደግሞ ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ የሚጠባ ልጅ ይዞ አይሞከርም። አያ ሰይድ መረባቸውን ሲጠግኑ አገኘኋቸውና ነገሩን ነገርኳቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

“ሱብሂ ሰግጄ እንነሳለን” አሉ።

“አያ ሰይድ! ጀልባ የነካ ወዮለት ብለዋል እኮ!”

“ሰምቻለሁ። የታመመው ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።”

“አንቱ ደግሞ እስላም ነዎት፤ ለክርስትና ብለው ምን አስጨነቀዎት?”

አሁን ቀና አሉ። “ስማ ደምሴ። ልጁ የተወለደው እኔ ግቢ ነው። አባቱ የለም። የግቢዬ ልጅ ዲኑን ሳይዝ ቢቀር አላህ ማንን የሚጠይቅ ይመስልሃል? አንተን እንዳይጠይቅህ አልጋ ሥር ነህ።”

በቃ፣ አለቀልኝ።

ጠዋት ገና ሳይነጋጋ እት ዘይነብ ያዘጋጁኝ እንደ ሙሽራ ነበር። ብርቱካን ያለበችውን የጡቷን ወተት በጡጦ አድርገው በጨርቅ ጠቀለሉ፤ ልጁን በአንቀልባ ደረቴ ላይ አሰሩት፤ ከላይ ጋቢ አለበሱኝ። “አንገቱን ደግፍ! ጎማ አይደለም!” እያሉ ጀርባዬን በቡጢ ይሉኛል። ብርቱካን በር ድረስ መምጣት ስላቃታት ከውስጥ፣ “እመብርሃን ትከተላችሁ” ስትል ሰማኋት። እኔ ደግሞ በራሴ ብልሃት ከጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የሚገባውን ትልቁን ላስቲክ ነፍቼ በአንገቴ አጥልቄያለሁ። ዋና አልችልማ! አያ ሰይድ ሲያዩኝ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ግድግዳ ያዙ።

“ያ አላህ! ልጁን ሊያስጠምቅ ነው ወይስ ራሱ ሊጠመቅ?”

ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ጭጋጉን እንዲያ ወድጄው አላውቅም። አያ ሰይድ መቅዘፊያውን ድምፅ በማያወጣ አኳኋን ውኃው ውስጥ እያንሸራተቱ መሐል ደረስን። እዚያ ላይ ከከተማው በኩል የሰው ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው አንድ ጥይት ጮኸ። ወደ እኛ ይሁን ወደ ሰማይ አላውቅም። ልጁ ነቃና አፉን ከፈተ።

በሐይቅ ላይ የሕፃን ለቅሶ እንዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው አይፍረድብኝ። ጡጦውን አፉ ውስጥ ብከትበት ተፋው። ጣቴን ሰጠሁት፤ የሃያ ዓመት ጎማ የሸተተ ጣት ማን ይጠባል? መዝሙር ላንጎራጉርለት አሰብኩ፣ አንድም አልመጣልኝ። የመጣልኝ የሠርግ ዘፈን ብቻ ነው፤ እሱም ግጥሙ ለሕፃን አይሆንም። ያኔ አያ ሰይድ እየቀዘፉ ቀስ ብለው በጉሮሯቸው መንዙማ ጀመሩ። ልጁ ሁለቴ ተንሰቀሰቀና ዝም አለ።

“አያ ሰይድ፣ ሊጠመቅ የሚሄድ ልጅ እኮ ነው” አልኩ በሹክሹክታ።

“ዝም በል። ነብዩን አወደስኩ እንጂ አላሰለምኩት። እንዲያው አንተ አንድ የምታውቀው መዝሙር ካለ፣ በል ቀጥል!”

አልነበረኝም። እንዳፈርኩ ማዶ ደረስን።

አያ ሰይድ ጀልባዋን ሸምበቆ ውስጥ ሸሽገው እዚያው ቀሩ። እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ላስቲኬንም አውልቄ ሽቅብ ወጣሁ። የተቀበሉኝ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ሳቅ ሊመጣ ሲል የሚመለስ ይመስላል። የመጣሁበትን ሰምተው ልጁን ገልጠው አዩት፣ ሳሉንም አዳመጡ።

“ቅዳሴው ሳይገባ እናጠምቀዋለን። ጸሎተ ሃይማኖት ታውቃለህ?”

“መጀመሪያውን… ነአምን በአሐዱ አምላክ…”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ሰዉ ሲል አብሬ አፌን አንቀሳቅሳለሁ፣ አባ።”

“በል አፍህን ሳይሆን ልብህን አዘጋጅ፤ እየመራሁህ ትላለህ። ማተቡን ይዘሃል?”

ልትገምቱ ትችላላችሁ። ጡጦ ይዣለሁ፣ መለወጫ ጨርቅ ይዣለሁ፣ የጭነት መኪና ጎማ ላስቲክ ይዣለሁ። ማተብ ግን ረስቻለሁ! እየሮጥኩ ወደ ጀልባው ወረድኩና ለአያ ሰይድ ነገርኳቸው። ካራቸውን አውጥተው ከመረባቸው ጫፍ አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር ክር ቆረጡልኝ። አባ ክሩን ተቀብለው በጣታቸው እያሻሹ፣ “ይህ የምን ክር ነው?” አሉ።

“የመረብ ነው አባ። የአያ ሰይድ። እስላም ናቸው፤ ከታች እየጠበቁን ነው።” ይቆጡኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ያ ሳቃቸው አሁን አልተመለሰም። “ሐዋርያቱም እኮ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ” አሉና ክሩን ባረኩት።

ልጁን አቅፌ ቆምኩ። “ፊትህን ወደ ምዕራብ አዙር” አሉኝ። በሥርዓቱ ክርስትና አባት ስለ ሕፃኑ ሆኖ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በእግዚአብሔር ያምናል። በዚያ ቦታ ምዕራቡ ሐይቁና ከተማው ነው። ፊቴን ባዞርኩበት ቅጽበት ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ከባድ መሣሪያ ተተኮሰ። መሬቱ ነዘረ፣ የመስኮቱ ቆርቆሮ ተንጫጫ። ከኋላዬ የነበሩት ሁለት ምእመናን በደረታቸው ተኙ። ሁለተኛው ተተኮሰ። እግሬ፣ ይህ የታወቀው እግሬ፣ ለመሮጥ ተነሳ። የት እንደምሮጥ እንኳ አስቤያለሁ፤ ከበሩ በስተግራ አንድ ትልቅ ድንጋይ አይቼ ነበር።

አባ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና እንዲህ አሉኝ።

“ልጄ፣ እሱ ገና አፍ የለውም። አሁን አንተ ብትሮጥ ማን ያምንለታል?”

ቁልቁል አየሁት። ዓይኑን ከፍቶ አገጬን እያየ ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ጀግንነት አልነበረም። ፍርሃቱ አንድ ግራም አልቀነሰም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ማረኝ ጌታዬ ብዬ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ወደ ተኩሱ ፊቴን እንዳዞርኩ፣ “ሰይጣን ሆይ ክጄሃለሁ” አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሦስት ጊዜ አልኩት። ሦስተኛውን ጮኬ ነበር ያልኩት፤ ከታች አያ ሰይድ ሰምተውኝ “ከማን ጋር ተጣላ?” ብለው ነበር አሉ።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አባ እየመሩኝ ጸሎተ ሃይማኖቱን ቃል በቃል አልኩ። ልጁ ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ገብቶ ወጣ፣ ስሙን ሰየሙት፣ ሜሮን ተቀባ፣ የመረቡ ክር በአንገቱ ታሰረለት። ቅዳሴው ሲያልቅም ቆረበ። ሁሉንም “አሜን” እያልኩ ጨረስኩ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ጡጦው ባዶ ሆነ፤ ተኩሱ ግን አላቆመም። ጭጋጉ ከለቀቀ ቆይቷል። መነኮሳቱ ያላቸው በሶና ሽምብራ ነው፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ላም ቢኖርም የላም ወተት ለአርባ ቀን ልጅ አይሆንም። ልጁ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ለቅሶው መሳሳት ጀመረ። 

“እስኪበርድ ቆዩ” አሉ እስከ ጀልባው የሸኙን አንድ መነኩሴ።

“አይ፣ እንሂድ” አለ አንድ ሰው። አያ ሰይድ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ነበርኩ የተናገርኩት።

በጠራራ ፀሐይ ተሻገርን። ላስቲኬን ገዳሙ ረስቼዋለሁ፤ ያስታወስኩት ከሐይቁ መሐል ነው። ወደ ዳር ስንቃረብ ሦስት ታጣቂዎች ቆመው እየጠበቁን ነበር። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ አንዷ ሴት። በዕድሜ የሚበልጠው መሣሪያውን ወደ አያ ሰይድ ደቀነ።

“ጀልባ አይነካም አልተባለም? ማን ላከህ?”

አያ ሰይድ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ “እኔ ነኝ የወሰድኳቸው” አልኩ። ሁለት እጄን በልጁ ላይ አድርጌ ቀጠልኩ። “እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው። እሳቸው አላጠፉም። ልጅ ክርስትና ላነሳ ነው የሄድኩት።”

ሴቷ ታጣቂ ውኃው ውስጥ ገብታ ጋቢውን ገለጠች። እርጥብ ፀጉሩን አየች፣ በጣቷ የአንገቱን ክር ነካች። ለጓዷ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለችው፤ ተነታረኩ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ “ርቦታል። እናቱ የት አለች? ሩጥ!” አለችኝ።

እኛን ለቀቁን፤ ጀልባዋን ግን ወሰዷት። አያ ሰይድ ትንሽ ቆመው እያዩዋት፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ዓሣውም ይረፍ” አሉ። ለቀልድ ነበር ያሉት፤ ግን እስከ ቤት ድረስ ደጋግመው ወደ ሐይቁ ዞር ይሉ ነበር።

ብርቱካን ልጁን ስትቀበለኝ እጇ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። እንደምንም ጡቷን ሰጠችው፣ ያዘ። እት ዘይነብ እልል አሉ፤ ያውም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ድምፁ ከአጥር እንዳይወጣ። እኔም እንደ ድል አድራጊ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

“ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ” አለች ብርቱካን። “የክርስትና ስሙን ማን አሉት?”

ስሙ! አባ ሲሰይሙት ሰምቻለሁ፣ “አሜን” ብያለሁ። ከዚያ ተኩሱ፣ ረኃቡ፣ ጀልባው፣ መሣሪያው፤ እነዚህ ሁሉ ተረባርበው ስሙን ከጭንቅላቴ አውጥተው ጥለውታል። “ገብረ…” አልኩ። “ገብረ የሚለው ላይ እርግጠኛ ነኝ።”

“ገብረ ማን?”

አያ ሰይድን አየኋቸው። “እኔ ጀልባ ጋ አልነበርኩም እንዴ?” አሉ።

ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ገብረ ሚካኤል ብላት ማን ያውቃል? እሷም ደስ ይላታል፣ እኔም እተኛለሁ። ነገር ግን ጠዋት ሦስት ጊዜ የካድኩትን ሰይጣን ከሰዓት ለእርዳታ ልጥራው? “ረሳሁት ብርቱካን” አልኳት። “በፍርሃት ረሳሁት።”

መጀመሪያ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። “ጋሼ፣ ይህ ትኩሳት ሌሊት ቢወስደኝ ልጄን በማን ስም ጠርቼ ነው ለእመቤታችን የምሰጣት? እናቱ ስሙን ሳታውቅ?” አለች።

በማግስቱ ጠዋት በትሬን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ። ማንም አላዘዘኝም። እት ዘይነብ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ አዩኝ።

“ወዴት ነው?”

“ገዳም። ስሙን ልጠይቅ።”

“አንተ? በእግርህ? ብቻህን?” ማድጋውን አስቀመጡት። “ያ ረቢ፣ ይኸ ሰውዬ ምን አጠጡት?”

ሐይቁን የሚዞረው መንገድ በእስላም መንደሮች ነው የሚያልፈው። አያ ሰይድ “የሰይድ ጎረቤት ነኝ በል” ብለውኝ ነበርና በየደረስኩበት እላለሁ። ጊዜው የሰው ፊት የጠቆረበት ነው፤ ሰዉ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚያየኝ። “የክርስትና ልጄን ስም ረስቼ ልጠይቅ ነው” ስል ግን በሩ ይከፈታል፣ ሳቅ ይሰማል። አንዷ አሮጊት የተጠበሰ በቆሎ ሰጥታኝ፣ “አብሽር ልጄ፣ አላህ ያስታውስህ” ብላ ሸኘችኝ። ጦርነቱ ከገባ ጀምሮ መንደሩ የሳቀው በእኔ ነው መሰለኝ።

አንድ ጠምዛዛ ቦታ ላይ ግን ታጣቂዎች ያዙኝ። “ወዴት ነህ?” ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። ሰላይ ነው ብለው ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። ከትናንቱ ጸሎት ያስታወስኩትን ቁራጭ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አለቃቸው መጣ። ጥያቄውን ደገመልኝ፣ መልሴን ደገምኩለት።

“ስም ለመጠየቅ?”

“አዎ ጌታዬ። ገብረ የሚለው ላይ እርግጠኛ ነኝ፤ የቀረውን ነው ያጣሁት።”

“እንዲህ ያለ የሚረሳ ሰላይ ማን ይልካል?” አለና ሂድ አለኝ።

ገዳሙ ስደርስ አባ እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸው። ላስቲኬ ዛፍ ላይ ተሰቅላለች። “ለእሷ መጣህ?” አሉኝ።

“አይ አባ። የልጁን ስም ረሳሁት። ገብረ ማን ነበር ያሉት?”

መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። “ወልደ ትንሣኤ ነው እንጂ ምን ገብረ አለበት!”

እርግጠኛ የሆንኩባት ግማሿም ስህተት ሆና አረፈችው! አባ እንደ ልጅ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሲበቃቸው ግን ትከሻዬን ያዙኝ። “በዚያ ሁሉ መሣሪያ መሐል ለአንዲት ስም ብለህ መጣህ?” አሉኝ።

“ፈርቼ ነው የመጣሁት፣ አባ። መንገዱን ሁሉ እንደፈራሁ ነው።”

“እኔም ትናንት እኮ ፈርቼ ነበር” አሉ። “እግሬ ስለማይሮጥ ነው እንደ ጎበዝ የቆምኩት።”

ልሄድ ስል ጸበል ሰጡኝ። መንገዱን ሁሉ “ወልደ ትንሣኤ፣ ወልደ ትንሣኤ” እያልኩ ተመለስኩ። ጠዋት የያዙኝ ታጣቂዎች ከሩቅ ሲያዩኝ አንዱ “አገኘኸው?” ብሎ ጮኸ። “አገኘሁት!” ብዬ ጮኬ ስሙን እያልኩ አለፍኩ፤ ለሰላምታ ብዬ ቆሜ ቢጠፋብኝስ?

ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢው ደረስኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ ከበሩ ላይ፣ “ወልደ ትንሣኤ!” አልኩ። ብርቱካን ከትኩሳቷ ጋር ቀና አለች። ጸበሉን ጠጣች፣ አፏን ወደ ልጁ ጆሮ አስጠግታ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራችው፤ ከዚያ ለእመቤታችን አደራ ሰጠችው። እት ዘይነብ ዞር ብለው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። በማግስቱ ላብ አጥምቋት ትኩሳቷ ለቀቃት። ጸበሉ ነው ወይስ ጊዜው ነው ብላችሁ ከእኔ ጋር አትከራከሩ፤ እኔ መልሴን አውቃለሁ። የልጁ ሳልም ቀስ በቀስ ተወው። መንገዱ ሲከፈት አባቱ መጣ። የአያ ሰይድ ጀልባ ግን አልተመለሰችም፤ ልጆቻቸው ከሳዑዲ ሌላ እስኪያሠሩላቸው ድረስ በሰው ጀልባ ነው የሠሩት። አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲያ ደፋር ሆንክ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ትናንት የአንድ አይሱዙ ጎማ ፈንድቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። የተለወጠው ሌላ ነው። እኔ ድሮ ማመን ማለት አለመፍራት ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቴ እስኪወጣልኝ ድረስ እግዚአብሔርን በሻይ ቤት በኩል ሆኜ እጠብቀው ነበር። ለካ እሱ ከነፍርሃቴ ይፈልገኝ ኖሯል። የምትፈሩ ካላችሁ፣ ዛሬም ክፉ ቀን ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁና፣ ፍርሃታችሁ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ ላይለቅ ይችላል። ይዛችሁት ሂዱ።

አሁን ጸሎተ ሃይማኖቱን እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ፤ በአርባ አራት ዓመቴ ከሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ጋር ተቀምጬ ነው ያጠናሁት። ቅዳሴም ውስጥ ገብቼ ነው የማስቀድሰው። በጦርነቱ ጊዜ አልጋ ሥር ሆኜ የማውቃት ጸሎት “ጌታ ሆይ፣ እኔን አድነኝ” የምትል ብቻ ነበረች። ዛሬም ስፈራ እጸልያለሁ፤ ዛሬም አድነኝ እላለሁ። ግን ከእኔ በፊት የሚጠራ ስም አለኝ።